የወንዙ ሊቀመንበር

ስሙ ብቅ ባለ ቁጥር ስልካችሁን ደፍታችሁ የምታስቀምጡለት አንድ ሰው አላችሁ። የለኝም የሚል ካለ፣ ያ ሰው እሱ ራሱ ነው።

ይህ ሰው ክፉ አይደለም። አያማም፣ ነገር አያመላልስም። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ ሥራ አለው፣ ሥራውም እናንተን ይፈልጋል። አንዱ የቤተ ክርስቲያኑን ምድር ቤት ያስጠርጋችኋል፣ ሌላው የእግር ኳስ ፌስቲቫል ላይ ወንበር ያስደረድራችኋል። የእኛው ግን ወንዝ አለው።

ጋሽ ዓምደሚካኤል ይባላሉ። አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ፣ ጫካው ውስጥ፣ አንዲት ቀጭን ወንዝ ታልፋለች። ወንዝ ያልኳት ለእሳቸው ክብር ስል ነው እንጂ ትንሽ የተንደረደረ ሰው ይዘላታል። በውስጧ ትራውት የሚባል፣ ውሃው ካልቀዘቀዘ የማይኖር፣ ጎኑ ነጠብጣብ የሆነ ቅንጡ ዓሣ አለ። ወንዟን የሚንከባከብ የፈረንጆች የበጎ ፈቃድ ቡድን አለ፤ የሐበሻውን ክንፍ በሊቀመንበርነት የሚመሩት ጋሽ ዓምደሚካኤል ናቸው። የክንፉ አባል እሳቸው ብቻ ስለሆኑ በምርጫ ተሸንፈው አያውቁም።

ዓሣ አጠማመዳቸውም ለብቻው ጉድ ነው። በትል አያጠምዱም። ከላባና ከክር በእጃቸው የሚሠሯት ዝንብ አለች፤ መንጠቆዋን ደብቃ ውሃው ላይ ስታርፍ ዓሣው እውነተኛ ትመስለዋለች። ላባው ከየት ይመጣል? ለፋሲካ ዶሮ ልናሳርድ ቨርጂኒያ ገጠር ስንወርድ አብረውን ይመጣሉ። “ሥጋው ለእናንተ፣ የአንገቱ ላባ ለእኔ” ይላሉ። አንድ ዓመት አንዱን ቀይ አውራ ዶሮ ይዘው አንገቱን በአድናቆት ሲያገላብጡ ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ሁሉ ቆሞ ጠበቃቸው።

በዚህ ሁሉ ድካም የተያዘውን ዓሣ ምን ያደርጉታል? እጃቸውን አርጥበው አቀፍ ያደርጉትና መልሰው ይለቁታል። ባለቤታቸው እትዬ የዓለምዘርፍ፣ “ስንት ዓመት ዓሣ ሲያጠምድ ቤቴ አንድ ቀን ዓሣ ሸቶ አያውቅም” ይላሉ። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር ደግሞ ሊቀመንበሩ፣ “የእኔ ዓሣ በጾምም በፍስክም አይበላም” ብለው ይዘጉታል።

ሥልጣናቸው በወንዟ ዳር አያበቃም። አንድ እሁድ እኔ ዘንድ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ መጥተው መኪናዬን ደጅ ላይ ሳጥብ አገኙኝ።

“ሳሙናው የት ነው የሚሄደው?” አሉኝ።

“ወደ ጎርፍ መውረጃው።”

“ከዚያስ?”

ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ አስቤው አላውቅም። የእሳቸው ወንዝ ማዶ ሜሪላንድ መሆኗን ባስታውሳቸው፣ “ወንዞቹ ዘመዳሞች ናቸው” አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ መኪናዬን የማሳጥበው ካር ዋሽ ወስጄ ነው።

ባለፈው በጋ ግን ወንዟ ላይ ክፉ ቀን መጣ። አውሎ ነፋስ የወንዟን ዳር ዛፎች ጥሎ ነበርና ፀሐይዋ ቀጥታ ውሃው ላይ ወረደች፤ ውሃው ሞቀ፣ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። ሊቀመንበሩ የማጥመጃ ዘንጋቸውን ሰቀሉ። ቴርሞሜትር ብቻ ይዘው እየወረዱ፣ ልክ የታመመ ሰው እንደሚጠይቁ ውሃውን እየለኩ ይመለሱ ነበር። በጥቅምት ቡድኑ ጥላ የሚሆኑ ችግኞች አመጣላቸው። የተቀረው ቡድን ላይኛውን ዳር ስለሚተክል ታችኛው የሐበሻው ክንፍ ድርሻ ሆነ። ቅዳሜ ካልተተከሉ ችግኞቹ ለሌላ ወንዝ ይሰጣሉ ተባለ። እሳቸውም ስልካቸውን አነሱ።

“አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው የምለምንህ!”

ወዳጃችን ቢራቱ “ጋሼ፣ ሺፍቴን ስዋፕ አድርጎ የሚተካኝ ሰው አጣሁ” አላቸው። ሰሊና ክርስትና ተጠርቻለሁ አለች። እኔ ስልኬን ደፋሁት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አናንዴል የምትኖረው ቤዚ ደወለችልኝ። ቤዚ የሰማችውን ለብቻዋ ይዛ ማደር የማይሆንላት ደግ ሴት ናት።

“ሰምተሃል? ጋሽ ዓምደሚካኤል ከጠዋት ጀምሮ ስልክ አያነሱም! ወንዝ ዳር ናቸው ተብሏል!” ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

ጋሽ ዓምደሚካኤል ስልክ አያነሱም? እሳቸው እኮ ሳይጠራ የሚያነሱ ሰው ናቸው። ጥቁር ልብሴን ለበስኩና ቀለበት መንገዱን፣ ቤልትዌዩን፣ እያለቀስኩ ነዳሁት። ዓይኔ ላይ የሚመጣብኝ ያ የደፋሁት ስልክ ነበር።

ስደርስ መንገዱ ዳርና ዳር በመኪና ተሞልቷል። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ድስት ሙሉ ሽሮ፣ በካርቶን የታሸገ ውሃ፤ ቢራቱ የሥራ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ሥራውን ጥሎ መጥቷል። እየተላቀስን በጫካው ወረድን።

እሳቸው እስከ ደረት የሚደርሰውን የጎማ ሱሪያቸውን ለብሰው፣ እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆነው፣ ብቻቸውን ይቆፍራሉ።

“እንዴ! ማን ሞቶ ነው?” አሉ።

ቤዚ የጀመረችውን ሲቃ ጨረሰች። ጋሽ ዓምደሚካኤል ጥቁር ለባሹን ሕዝብ ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ፊታቸው ቀስ እያለ በራ።

“ለማንኛውም እንኳን መጣችሁ። አካፋው እዚያ ነው።”

በለቅሶ ልብሳችን ቆፈርን። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ አንድም ችግኝ አልተረፈም፤ ሽሮውም እንደዚያው።

እትዬ የዓለምዘርፍ ድስቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ከሴቶቹ መሀል የለቅሶ ልብስ ያልለበሱት እሳቸው ብቻ መሆናቸውን ያየሁት ያኔ ነው።

“እትዬ፣ ለቤዚ ማን ነው የነገራት?”

“እኔ ነኛ። ምን ዋሸሁ? ስልክ አያነሳም አልኳት፣ አላነሳም። ወንዝ ዳር ነው አልኳት፣ ይኸው። ለሥራ ሲጠራችሁ ትጠፋላችሁ፤ ለለቅሶ ግን የሚቀድማችሁ የለም።”

ይህን ሲሉ ከቦርሳቸው ውስጥ የጋሽ ዓምደሚካኤል ስልክ ጠራ። እትዬ ምንም ሳይመስላቸው አጠፉት።

ሰውየውን እወዳቸዋለሁ። ያን ቀን ቤልትዌዩ ላይ ያለቀስኩት የምር ነው፤ ጭቃ ሆነው ሳያቸው ደግሞ ሮጬ ላቅፋቸው ነበር፣ አካፋ ሰጡኝ እንጂ።

ትናንት ስማቸው እንደገና ስልኬ ላይ ብቅ አለ። እንደ ልማዴ ደፋሁት። ማንሳቱ ምን ያደርጋል? የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ ቦቲዬና አካፋዬም ከሐሙስ ጀምሮ መኪናው ኋላ ተጭነዋል።