አራት ዲስክ ለአራት ጣቢያ

ሰው ሁሉ ስለ አድልዎ ያማርራል፤ ፍጹም እኩልነት ደርሶበት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። እኔ ደርሶብኛል። ሰቆጣ ላይ፣ ፍሎፒ ዲስክ በነገሠበት ዘመን።

ያን ጊዜ ለገበሬ ዘር በሚያድል መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። አራት ጣቢያ ነበረን፤ ሰቆጣ፣ አምደወርቅ፣ አበርገሌና ሰሃላ። የገበሬውን ስም ዝርዝር በእጅ ስንገለብጥ ከመጨረሻው ገጽ የሚዘለል ሰው አይጠፋም፤ የመጨረሻው ገጽ ደግሞ ምንጊዜም ሰሃላ ነው። ሁለት ቀን በእግሩ ተጉዞ የመጣ ሰው «ስምዎ የለም» ሲባል ማየት፣ እመኑኝ፣ ያማል። ስለዚህ ዳንቴል ለብሶ ለቢሮው ጌጥ የሆነውን ኮምፒውተር ይህን ሥራ ላስተምረው ተነሣሁ።

ለማስተማር የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ያለ ሱቅ የጠራውን ዋጋ ስሰማ ለደሞዜ አፈርኩለት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ወንድሜን አስቸገርኩና ከአንድ ማሠልጠኛ ቤት ቤዚክ የሚባለውን ቋንቋ በርካሽ አገኘልኝ። አራት ዲስክ ነው። በመሥሪያ ቤቱ አድራሻ ላከው። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ዕቃው ሲደርስ እኔ መስክ ነበርኩ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ አዳነ በሥራ ዘመናቸው ሁሉ የሚያውቁት አንድ ሕግ ነው፤ የመጣ ነገር ለአራቱ ጣቢያ እኩል ይከፋፈላል። ዘይትም ይሁን ብርድ ልብስ። አራት ዲስክ ሲያዩ ፈጣሪን አመሰገኑ፤ ሳይሰፈር ሳይቆረጥ የሚካፈል ዕቃ አይተው አያውቁማ!

«ኧረ ጋሽ አዳነ፣ አራቱ አንድ ላይ ካልሆኑ አይሠሩም!» አልኳቸው ስመለስ።

«ታዲያ ለአንድ ጣቢያ ብቻ ሰጥቼ ልታማ? የሰቆጣን ድርሻ አስቀምጨልሃለሁ» ብለው ቁጥር አንድን ሰጡኝ።

በሌሎቹ ሦስት ጣቢያዎች ኮምፒውተር ቀርቶ መብራትም አልነበረም። ቢሆንም ድርሻ ድርሻ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ዝርዝሩ መድረስ ስላለበት ለሦስቱም ደብዳቤ ጻፍኩ። አምደወርቅ በሚኒባስ መለሰ። አበርገሌ «በምን ይተካልናል?» የሚል ቃለ ጉባኤ አያይዞ መለሰ። ሰሃላ ግን ዝም አለ።

ከወር በኋላ አያ ወልዱ የሚባሉ የሰሃላ ሽማግሌ ራሳቸው በእግራቸው መጡ። ዲስኳን ከጋቢያቸው ጫፍ ፈቱና ሳይለቋት ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ዘንድሮ የደረሰችን ይችው ናት። ብንመልሳት ከዝርዝር አንወጣም?»

«እንዳትወጡ ብዬ እኮ ነው፣ አያ» አልኳቸው። እንባዬ መጣ።

ዳንቴሉን ገፈፍኩ። ጋሽ አዳነም መነጽራቸውን አድርገው ከኋላዬ ቆሙ። ቁጥር አንድን ሳስገባ ኮምፒውተሩ አጉረመረመና አላነብም አለ። ደገምኩ፤ አሁንም እንቢ። የቀሩትን ብሞክር ቆላ የወረደችውም፣ ጋቢ ጫፍ የተቋጠረችውም ደህና ተነበቡ። የተበላሸችው ከጠረጴዛዬ ንቅንቅ ያላለችው ናት። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ያለው ሬዲዮዬ ላይ ደግፌ አኑሬያት፣ የድምፅ ማጉያው ማግኔት ውስጧን ጠርጎ አጥፍቶታል።

«ምን ሆነ?» አሉ አያ ወልዱ።

«የሰቆጣዋ ተበላሸች።»

ሽማግሌው የራሳቸውን ዲስክ ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው እጄ ላይ አኖሩልኝ። «አይዞህ፣ የኛዋ ደህና ናት። እኩል እንካፈላለን።»

ዝርዝሩን በእጄ ጻፍኩት፤ ከሰሃላ ጀምሬ፣ በሰቆጣ ጨርሼ። በዚያ ዓመት «ስማችን የለም» እያሉ በር ያንኳኩት የሰቆጣ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ እንኳ ቤታቸው ቅርብ ነው።