ከፋብሪካ ስትወጣ እንዲህ አልነበረችም

በየሰፈሩ፣ እናንተ ዕቃ ስትገዙ እሱ የሚያዝን ሰው አለ። ደስ ብሏችሁ ልታሳዩት ስትጠሩት ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል፣ በጥፍሩ ይፍቃል፣ ከዚያ ለቅሶ እንደመጣ ሰው ዝም ይላል። የዓለም ሕዝብ ሁለት ዓይነት ነው ብል አላጋነንኩም፤ ዕቃ የሚገዛና ዕቃው ኦሪጅናል አለመሆኑን የሚያረዳ።

የኛው አርጂ አርባ ዓመት የመኪና ላሜራ ሲቀጠቅጥና ሲያቃና ኖሮ ጡረታ የወጣ ባትላሜራ ነው። ሰፈሩ ክቡር ሊቀ ኦሪጅናል የሚል ማዕረግ ሰጥቶታል፤ እሱም አልተቃወመም። ከደረት ኪሱ የማትለይ ማግኔት አለችው፤ ቀለም እንዳትጭር ብሎ በሕፃን ካልሲ ከቷታል። ማግኔቷ የመኪናው ጎን ላይ አልጣበቅ ካለች ከቀለሙ ሥር ያለው ላሜራ ሳይሆን የስርጉዳት መሙያው ስቱኮ ነው። ያን ጊዜ መነጽሩን ያወልቅና ይፈርዳል፦ «ከፋብሪካ ስትወጣ እንዲህ አልነበረችም።»

ፍርዱ መኪና ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ዳቦ ጋጋሪው ጥርሱን አስተክሎ ፈገግ ቢልለት፣ ሰልፉ እየሰማ፣ የላይኞቹ ሁለቱ የተቀየሩ ናቸው አለው። የጎረቤታችንን አራስ ልጅ ሊጠይቅ ገብቶ ጆሮውን ለአባቱ አጸደቀና አፍንጫው ላይ ዝም አለ፤ እናትየው ዓመት ሙሉ አኮረፈችው። እኔ ከትምህርት ቤት ይልቅ ከመጽሐፍ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን፣ አንድ አሮጌ መዝገበ ቃላት ዓይኔን ከፍቶልኛል። ሊቀ ኦሪጅናል አገላብጦ አሸተተውና፣ ሽፋኑ ተቀይሯል ብሎ መለሰልኝ። ያቀረብኩለትን ሻይ ግን እስከ መጨረሻው ጠጣ።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ግቢዋ ውስጥ መጠለያ ሥር የቆመች መኪና ትቶላት ሄዷል፤ ውስጧ አልጋ፣ ምድጃና ተጣጣፊ ጠረጴዛ ያላት፣ ካምፐር የሚሏት ዓይነት አሮጌ ቫን። እህቴ የስፌት መኪኖቿን በረንዳ ላይ ዝናብ እየመታባት መጠለያውን ፈለገችው። ቫኗ ቆማ ከምትበሰብስ የሚነዳት ይውሰዳት ብላ ስታፈላልግ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ባልና ሚስት መጡ። እንዲህ ያለችውን ለዓመታት ሲፈልጉ ኖረዋል። ብርቅና ኦሪጅናል መሆኗን የሚያውቅ ሰው ይመስክርልን አሉ።

የሚያውቅ ሰው ያለን አንድ ነው። እህቴ ለምንልኝ ብላኝ ቤቱ ሄድኩ። ባል የሌላት ሴት መሆኗን፣ የዝናቡን ነገር፣ ሁሉንም ዘረዘርኩና እባክህ በአንድ ዓይንህ ብቻ እያት አልኩት።

«ሁለቱንም ይዤ ነው የምመጣው» አለኝ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ አስተማሪዎቹም ባሉበት፣ መጣ። የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር አስተያየ፣ የጣሪያዋን ትንንሽ መስኮቶች ቆጠረ፣ የጠረጴዛዋን ብሎን አንድ በአንድ ዳሰሰ፣ መጋረጃዋን አሸተተ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አይቼው በማላውቀው ፊት ወጣ። የአልጋዋ ቁልፍ እንኳ የፋብሪካ ነው፣ እንዲህ ያለች ከዚህ በፊት አንድ ብቻ ነው ያየሁት አለ። እህቴ ተነፈሰች። አስተማሪዎቹ አልጋውን ሊሞክሩ ገብተው በሩን ዘጉ።

ያኔ ካልሲውን አወጣ። በቀኝ በኩል ማግኔቷ ልጥፍ፣ ልጥፍ እያለች ተጣበቀች። በግራ፣ ከኋላ ጎማው በላይ፣ ተመልሳ እጁ ላይ ወደቀች።

«ስቱኮ» አለ መነጽሩን አውልቆ። «ያውም የጣት ውፍረት። ይህን የሠራ ሰው ባለመኪናውን አታሏል። ከፋብሪካ ስትወጣ እንዲህ አልነበረችም።»

እህቴ ከቀሚሷ ላይ ክር እየለቀመች፣ ቀስ ብላ፣ «ጋሼ፣ የሠሯት እኮ እርስዎ ነዎት» አለችው።

የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ባሏ ቫኗን ከበር ምሰሶ ጋር አጋጭቷት፣ በማግስቱ መንገድ ስለነበረባቸው በአንድ ቀን አድርስልኝ ብሎ ሊቀ ኦሪጅናልን ለምኖት ነበር። ሰውየው ጣቱን ስቱኮው ላይ እንዳሳረፈ ቀረ። ከሦስታችን በቀር የሰማ የለም። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ ዝም በል ብዬ በዓይኔ ጠቀስኩት።

መነጽሩን መልሶ አደረገና ወረቀት ጠይቆ ጻፈ። አስተማሪዎቹ ሲወጡ ቆሞ አነበበላቸው፦ «ብርቅ ናት። የውስጥ ዕቃዋ በሙሉ የፋብሪካ ነው። በግራ ጎኗ ስቱኮ አለ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ መጥፎ ሥራ ነው።» ከሥሩ ፈረመ።

እህቴ መጠለያውን አየች፣ ከዚያ መሬት መሬቱን። ባልየው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቦ ለሚስቱ አቀበላት።

«ያየናቸው መኪኖች ሁሉ እንከን የላቸውም ተብለናል» አለች ሚስትየው። «እንከኑን ከነሠሪው ያሳየን የለም። እንወስዳታለን።»

«ዛሬ አትወስዷትም» አለ ሊቀ ኦሪጅናል።

ሳምንቱን ሙሉ መዶሻውን ይዞ እየመጣ ስቱኮውን ፍቆ ላሜራውን አቃና፤ መብራት ያዥ እኔ ነበርኩ። በሰባተኛው ቀን ማግኔቷ ተጣበቀች። አሁንስ ኦሪጅናል ሆነች ወይ አልኩት። በሐዘኔታ አየኝ፤ «ቀለሙ የኔ አይደል እንዴ።»

አሁን የእህቴ የስፌት መኪኖች መጠለያው ሥር ናቸው። ያ መዝገበ ቃላቴ ደግሞ በብዙ መገለጥ ጀርባው ተላቆ ነበር፤ ሳይጠይቀኝ ወስዶ፣ አጣብቆና አጥብቆ መለሰው። መጨረሻው ገጽ ላይ በእርሳስ ጽፎበታል፦ «ሽፋኑ ተቀይሯል። ጥገናው የኔ ነው።» ፊርማም አለው።

መጽሐፉን ስከፍት ከዚያ ገጽ ነው የምጀምረው።