ክብርት ቀናሽና ሃያ ሁለቱ ግራም

በየቤቱ አንድ ቀናሽ ሰው አይጠፋም። በእኛ ቤት ክብርት ቀናሽ ያሳደግኳት የልጅ ልጄ ናት። የተቀመጠ ነገር ሁሉ አንስታ፣ በእጇ መዘን አድርጋ፣ «ይሄ ምን ይሠራል?» ትላለች። መልስ ላጣ ዕቃ ወዮለት።

የጥርስ ብሩሼን እጀታ በመጋዝ ቆርጣዋለች። «ስድስት ግራም ቀለለልሽ፣ እማማ» አለችኝ፣ ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው። ከዚያ ወዲህ ጥርሴን ሳጸዳ ጣቶቼም አብረው ይታጠባሉ። አንድ ቀን ደግሞ የእጅ ቦርሳዬን ዘርግፋ ቁልፍ አገኘች።

«የምን ቁልፍ ነው?»

«የድሮ ቤቴ።»

«ቤቱ ፈርሶ የለም እንዴ?»

«ቁልፉ አልፈረሰማ።»

ይህን ክርክር አሸንፌያለሁ። ሌላ ያሸነፍኩት ትዝ አይለኝም።

በሥራዋ ግን ቀናሽነት ያስከብራል። የጠፈር መንኮራኩር ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች ሲሠሩ ይግላሉ፤ እዚያ ላይ ደግሞ እፍ ብሎ የሚያበርድ ነፋስ የለም። እሷ የምትሠራው መዳፍ የምታክል የብረት ሳጥን ናት። በውስጧ፣ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ቦዮች፣ አንዱ ፈሳሽ የመሣሪያውን ሙቀት ተሸክሞ መጥቶ ለሌላው ያስረክባል፤ ሌላው ወስዶ ውጭ ይጥለዋል። ሳጥኗ ከአራት መቶ ግራም ከበለጠች አትሳፈርም። የልጅ ልጄ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትፍቅ፣ ስታሳሳ ኖረች። ባለፈው ሳምንት ሳጥኗ ሚዛን ላይ ወጣች፤ ሦስት መቶ ዘጠና ሁለት። አለቆቿ አጨበጨቡ፣ ፈረሙ።

እሑድ ምሳ ላይ አጎቷ እንኳን ደስ አለሽ ሊላት መጣ። ማንኪያዋ አፏ ሳይደርስ ቆመ።

«ባዶዋን ነው የመዘንኳት» አለች። «ፈሳሹ ሲሞላ ሠላሳ ግራም ይጨምራል።»

«ተፈርሟል አይደል? ዝም በያ። ማን ያውቃል?» አላት አጎቷ።

«ባዶዋን አይደለም የምትሳፈረው፣ ጋሼ።»

«መንኮራኩሩ ላይ ያለሽን ቦታ ለሌላው ተፎካካሪ ቡድን ይሰጡብሻል።»

«አውቃለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ሄዳ ተናገረች። ፊርማው ተሰረዘ። በሁለት ወር ውስጥ ሃያ ሁለት ግራም ካልቀነሰች ቦታው የሌላው ቡድን ነው። ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ከዚህ በላይ ካሳሳኋት ታፈሳለች፣ እማማ። ምኗን ልቀንስ?»

ከሰው ቤት ሁሉ የሚቀነስ ፈልጋ የማታጣ ልጅ፣ ዛሬ ጠፋት። ራሷን ጭኔ ላይ አሳረፈች።

«ይሄስ ስንት ይመዝናል?» አልኳት፣ ፀጉሯን እየደባበስኩ።

«አምስት ኪሎ ገደማ» አለች፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ምኑም እንዳይቀነስ።»

እግሬ እስኪደነዝዝ አልተንቀሳቀስኩም።