እርድ የተጠቀለለበት ቫዮሊን

መርካቶ ውስጥ ዕቃ የሚያሞግስ ሰው አይገዛም፤ የሚገዛው አጣጣዩ ነው። የአጣጣዮች ሁሉ ቁንጮ ደግሞ የሸማ ተራው ነጋዴ፣ የቫዮሊን ነክ መጻሕፍት የበላይ ጠባቂ፣ ክቡር ጋሼ ባህረዲን ናቸው። ስለ ቫዮሊን ተጫዋቾች የተጻፈ ብርቅ መጽሐፍ ካገኙ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይሁን፣ ሳያዋርዱት አይገዙትም።

ይህን ከሰዓደት በላይ የሚያውቅ የለም። ቅመም የምትሸጥበት ሱቅ ከሳቸው ሱቅ ጀርባ ነው። መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ የሩሲያ መጻሕፍት በኪሎ ይቸበቸቡ ስለነበር፣ እሷም ለመጠቅለያ በጆንያ ትገዛ ነበር። ጋሼ ባህረዲን በየሳምንቱ እየመጡ ጆንያውን ይበረብራሉ። መጀመሪያ የማይፈልጉትን የትራክተር መጽሐፍ ያገላብጣሉ፤ ስለ ኮረሪማ ይጠይቃሉ፤ ከዚያ የቫዮሊኑን በሁለት ጣት አንጠልጥለው፣ «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ይላሉ።

ቫዮሊን ነክተው አያውቁም። ሩሲያኛም አያነቡም። ታዲያ ለምን እንደሚሰበስቡ አንድ ቀን ጠየቀቻቸው።

«መሰንቆ በአንድ ክር ይህን ያህል ካስለቀሰን፣ አራት ክር የታቀፈው ሰው እንዴት ሆኖ እንደሚኖር ማወቅ አለብኝ» አሏት።

አንድ ሰኞ ከጆንያው የወጣው መጽሐፍ ግን ሌላ ነበር። በየገጹ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚጫወቱ ሰዎች ፎቶ አለበት። ጋሼ ባህረዲን ሲያዩት የትራክተር መጽሐፍ ማገላበጡን ረሱ፤ ምላሳቸው ግን ሙያውን አልረሳም። ሽፋኑ ላልቷል አሉ፤ ሻጋታ ሸተተኝ አሉ፤ ከእርድ መጠቅለያ አያልፍም ብለው ጥለውት ሄዱ። በደንቡ ሻጭ ከኋላ ይጣራል። ሰዓደት ግን ገበያተኛ ተደራርቦባት ስለነበር አልተጣራችም፤ እሳቸውም ዞር ብሎ ማየቱን ክብራቸው አልፈቀደላቸውም።

በማግስቱ ሲመጡ ከመጽሐፉ ገጽ እየገነጠለች እርድ ትጠቀልላለች። ግማሹ አልቋል። የጋሼ ባህረዲን ፊት አመድ መሰለ።

«ከመጠቅለያ አያልፍም ያሉኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?» አለች ደንግጣ። «ጥለውት ሲሄዱ የምርዎን መሰለኝ።»

በሠላሳ ዓመት ንግዳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የፈለጉትን ዕቃ በሻጩ ፊት አሞገሱ። «ዋሽቼሽ ነው ሰዓደት። እንደሱ ያለ መጽሐፍ አይቼ አላውቅም» አሉና የበርበሬው ጆንያ ላይ ዘጭ አሉ።

ዋጋውን እጥፍ ብታደርግባቸው ማንም አይፈርድባትም ነበር። ሆዷ ግን ባባ። በደራ ገበያ ሱቋን ዘግታ በየደንበኞቿ ቤት ዞረች፤ እርዱን ዕቃ ላይ ገልብጡና ወረቀቴን መልሱልኝ እያለች ለመነች። ሴቶቹ ዛሬስ ሰዓደት ለየላት ብለው ሳቁባት። እሷ ግን ቢጫ የሆኑትን ገጾች በነጠላዋ ቋጥራ ተመለሰች።

ጋሼ ባህረዲን ፊደሉን ባያውቁትም ቁጥሩ አልጠፋቸውም። ገጾቹን በየተራቸው ሲደረድሩ ቆዩና አንዷ እንደጎደለች ነገሯት። አንድ ሽማግሌ ቫዮሊኑን አገጩ ሥር ሸጉጦ የሚጫወትባት ገጽ ነበረች።

ሰዓደት ሚዛኗን መወልወል ጀመረች። «እሷማ ጠፍታለች። ብትገኝስ ምን ታደርግልዎታለች፤ ጥጓ ተቀዷል፣ የሰውዬውንም ፊት ዘይት ነክቶታል፤ ምኗም አይረባ።»

ጋሼ ባህረዲን የገዛ ሙያቸውን ከአፏ ሰሙ። ከዚያ መጽሐፋቸውን ከነጉድለቱ ከድነው ብብታቸው ሥር አደረጉ።

«እንግዲያስ» አሏት፣ «እርጥበት እንዳያገኛት ጠብቂያት።»