ሥራ አስኪያጁ ሲገቡ የሚወጣው ሲስተም

ዕቃ ከተበላሸ ጨርሶ ይበላሽ። ጨርሶ የሞተ ዕቃ ደግ ነው፤ ሞቱን አይደብቅም። ታዝናላችሁ፣ ትጥሉታላችሁ፣ ሌላ ትፈልጋላችሁ፣ አለቀ። መከራው ያለው አንዴ ሠርቶ አንዴ ከሚለግመው ዘንድ ነው። ጣሪያችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያፈስ ያድርና ልክ አናጢው መሰላሉን ተሸክሞ ሲመጣ አገር ምድሩ ፀሐይ ይሆናል። አናጢው ቆርቆሮውን ያያል። ከዚያ ደግሞ እናንተን ያያል። ቆርቆሮው ደኅና ነው፤ እንግዲህ ያልተሟላ ነገር ካለ እናንተ ዘንድ ነው ማለት ነው።

እኔ እንጀራዬ እንዲህ ካለ ለጋሚ ጋር የተሳሰረ ሰው ነኝ። አሰላ ውስጥ ባለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒዩተር ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ስላችሁ በትልቁ እንዳታስቡት። ፕሪንተር ወረቀት ሲውጥም የምጠራው እኔ ነኝ፤ የሥራ አስኪያጁ ስልክ አልጮህ ሲልም እኔ ነኝ፤ መብራት ሲሄድም እኔው ነኝ። መብራት ሲሄድ እኔ ለምን እንደምጠራ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሆኖም እሄዳለሁ፤ መብራቱ እውነትም መሄዱን አረጋግጬ እመለሳለሁ።

ዋናው ሥራዬ ግን ሰርቨሩ ነው። ገበሬው ምርጥ ዘር ለመውሰድ መስኮታችን ላይ ሲቆም ስሙ፣ ቀበሌውና የማሳው ስፋት የሚገባበት ገጽ የሚመጣው ከዚህ ሰርቨር ነው። ማሽኑ ራሱ ደኅና ነው፤ ያረጀው በላዩ ላይ የተጫነው ሶፍትዌር ነው። ምን ያህል እንዳረጀ አትጠይቁኝ፤ እኔ ስቀጠርም ያረጀ ነበር። የሠሩት ልጆች ከተበተኑ ቆይተዋል፤ ስልክ የሚያነሣልኝ አንዱ ብቻ ሲሆን እሱም አዲስ አበባ ካፌ ከፍቷል። ቆመብኝ ብዬ ስደውል፣ «ሪስታርት አድርጊው» ይለኛል። ከጀርባው የማኪያቶ ማሽኑ ሲያፏጭ ይሰማኛል። የእሱ ማሽን ይሠራል።

ባለፈው ሰኔ ነው ነገሩ የጠናው። ሰኔ ማለት እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ለአርሲ ሰው አልነግርም፤ ለሌላችሁ ልንገራችሁ። ዝናቡ ገብቷል፣ ጭላሎ ተራራ ደመናውን እስከ ወገቡ ተከናንቧል፣ ማሳው ታርሶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ገበሬው ደግሞ ዘሩን ይፈልጋል። ከበቆጂ በኩል ለቢራ ገብስ፣ ከሌላው በኩል ለስንዴ የመጣው ሰው ከመስኮታችን ጀምሮ እስከ በሩ ድረስ በዝናብ ተሰልፏል። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ከድር ነው። ከድር ጨዋ ልጅ ነው፤ ሰው ሲቆጣው ይቅርታ ይላል፣ ማሽኑ ሲቆምም ይቅርታ ይላል፣ እሱ ያጠፋው ነገር ግን ኖሮ አያውቅም።

ጠዋት ይጀምራል። ገጹ ከች ይላል፣ ሰዉ ይመዘገባል፣ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል፣ ደስ ይላችኋል። ከዚያ በድንገት ያች ክብ ነገር ስክሪኑ መሐል ላይ መሽከርከር ትጀምራለች። ትሽከረከራለች። ሮጬ ሪስታርት አደርገዋለሁ፤ ይነሣል፣ ጥቂት ይራመዳል፣ ደግሞ ይቆማል። በማግስቱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል። ምን አግኝቶት ነው ብዬ ፊቱ ስቀመጥ እንደ ሙሽራ ጭምት ይሆናል።

የቢሮው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዱ አይጥ ገመድ በልታ ነው አለ። ሌላው ቅዝቃዜው ነው አለ፤ ማሽን ብርድ እንደሚወድ ብነግረውም አላመነኝም። ሥራ አስኪያጃችን አቶ ዘውዴ፣ «ኔትወርክ ነው» አሉ። ኔትወርኩ ደኅና መሆኑን ባሳያቸው ጊዜ ደግሞ ያሉትን ብትሰሙ! «እንግዲህ ገበሬው ተጠራርቶ በአንድ ጊዜ ስለሚመጣ ነው።» አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏችኋል እንዲህ ነው። ገበሬው በሰኔ ያልመጣ መቼ ይምጣ? በጥር? ዝናቡን ተራ ጠብቀህ ዝነብ ብሎ ማን ይንገረው?

አንድ ቀን አዴ ጫልቱ መጡ። አዴ ጫልቱ ከበቆጂ ማዶ የሚኖሩ፣ ባላቸው ከሞተ ወዲህ ማሳቸውን ራሳቸው የሚያሳርሱ ሴትዮ ናቸው። ከዚያ ቀን በፊትም መጥተው፣ ክቧ ስትሽከረከር ቆመው አይተው፣ መሽቶባቸው ተመልሰዋል። «አላዋቂ ገበሬ» እያላችሁ በሐሳባችሁ የምትሥሉት ዓይነት ሰው አይምሰሏችሁ፤ የልጅ ልጆቻቸውን በስልክ ቪዲዮ እያዩ የሚያጫውቱ ሴት ናቸው።

«አካም ቡልተን፣ አዴ?» አላቸው ከድር።

«እኔስ ደኅና አደርኩ። ማሽናችሁስ እንዴት አደረ?»

ከድር አንገቱን ደፋ። ክቧ እየተሽከረከረች ነበር።

«ልጄ» አሉት፣ «ማሽኑ ከታመመ አሳርፉት። ለምን ታመመ ብዬ አልቆጣም፤ ሁሉም ይታመማል። እኔን ግን በወረቀት ጻፉኝና፣ ሲሻለው ንገሩት።»

ከዚህ የበለጠ ቀና ሐሳብ በዚያ ቢሮ ውስጥ ተነግሮ አያውቅም። እየሮጥኩ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ።

«ወረቀት?» አሉኝ አቶ ዘውዴ፣ ርኩስ ነገር እንደጠራሁ ሁሉ። «ወደ ዲጂታል ተሸጋግረናል ብለን በስብሰባ ያወጅን ሰዎች ነን እኮ! አንቺ ራስሽ የኮምፒዩተር ባለሙያ ሆነሽ ወረቀት ትያለሽ?»

ተሸጋግረናል! ወንዝ የሚሻገር ሰው ከወዲያኛው ዳር መድረሱን ያያል፤ እኛ መሐሉ ላይ ቆመን ነው ያወጅነው። በእስክርቢቶ ሲመዘገብ የኖረ ገበሬ እስክርቢቶው «ዛሬ የለሁም» ብሎት ያውቃል? ያንንም ነጠቅነው፣ ይኼንንም አልሰጠነው። ተመልሼ ለአዴ ጫልቱ አይቻልም ስላቸው ፊቴ ተቃጠለ። እሳቸው አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር።

«ማሳው ታርሷል፣ ዝናቡንም ጠጥቷል» አሉኝ። «ባዶውን ደግሞ አይቆይም። እናንተ ዘር ካልሰጣችሁት አረሙ ራሱን ይዘራል።»

ከዚያ ቀን በኋላ እልህ ያዘኝ። ሪስታርት ማድረጉን ትቼ ማሰብ ጀመርኩ። ሰርቨሩ በየትኞቹ ቀናት ነው ደኅና የሚውለው? አቶ ዘውዴ አቦምሳ ለስብሰባ የሄዱ ዕለት አንዴም ሳይቆም ዋለ። አርቦዬ የሄዱ ዕለትም እንዲሁ። አርፍደው በገቡበት ቀን እስኪገቡ ድረስ ሠርቶ፣ ከገቡ በኋላ ቆመ። መጀመሪያ ራሴን ታዘብኩት፤ አለቃን መጥላት እንዲህ ያደርጋል ብዬ። ለከድር ብነግረው ግን በሳቅ ሊሞት ደረሰ።

«ሥራ አስኪያጁ ሲገቡ ሲስተሙ ይወጣል በይኛ!» አለ። እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ሰልፉ በሙሉ በሁለት ቋንቋ ሲቀባበለው ሰማሁ።

ሰውዬው ሲገቡ ምን ያደርጋሉ? ኮታቸውን ይሰቅላሉ፣ ከዚያም የቢሯቸው ግድግዳ ላይ ያለውን ትልቅ ስክሪን ያበራሉ። ይህ ስክሪን የዲጂታላችን ጌጥ ነው። ከእንግዶች ወንበር ፊት ለፊት ተሰቅሎ በቀይና በአረንጓዴ ሠንጠረዥ ስንት ገበሬ እንደተመዘገበ ያሳያል፤ በየጥቂት ሰኮንዱም ራሱን ያድሳል። ጥጉ ላይ ደግሞ የዕለቱን የአየር ሁኔታ የምታሳይ የፀሐይ ሥዕል የምትመጣበት ትንሽ ቦታ አለች። ሥዕሏን ግን ለረጅም ጊዜ ያያት የለም።

ሰርቨሩ በቆመ ጊዜ በእጁ ምን እንደያዘ አየሁ። የያዘው ሁሉ ያንኑ የስክሪን ገጽ ነበር። ነገሩን ላስረዳችሁ። ይህ አሮጌ ሶፍትዌር የተወሰኑ አስተናጋጆች እንዳሉት ሻይ ቤት ነው። ስክሪኑ ራሱን ባደሰ ቁጥር አንዱን አስተናጋጅ «ሂድና የአሰላን አየር ጠይቀህ ና» ብሎ ሩቅ ወዳለ አንድ አድራሻ ይልከዋል። አድራሻው ከተዘጋ ቆይቷል። ደኅና ሶፍትዌር ቢሆን ጥቂት አንኳኩቶ ይመለሳል፤ የእኛው ተስፋ መቁረጥ ስላልተማረ በዚያው በር ላይ ቆሞ ይቀራል። ስክሪኑ ደግሞ ሌላውን ይልካል፤ ከዚያ ሌላውን። በመጨረሻ ሁሉም በተዘጋ ቤት ደጅ ተሰልፈው፣ ከድር መስኮት ላይ የቆመችውን ሴት የሚያስተናግድ ይጠፋል።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ። ከስክሪኑ አጠገብ መስኮት አለ። መጋረጃው ገለጥ ቢደረግ ዝናቡ መስታወቱን ሲደበድበው ይታያል። ከመስኮቱ በታች ሰው ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። ያ ሰው ዘር ያጣው ግድግዳ ላይ ያለች ሥዕል ዝናብ መዝነብ አለመዝነቡ እስኪነገራት ስለምትጠብቅ ነው! ይህን ባወቅኩ ጊዜ ልሳቅ ወይስ ልጩህ ቸግሮኝ ነበር። ጮኽኩ፤ ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ ስለነበርኩ የሰማኝ የለም።

ካፌ ለከፈተው ልጅ ደውዬ ያችን ገጽ አስተካክልልኝ አልኩት። «እሷን እኔ አልጻፍኳትም፤ የጻፋት ልጅ ስልኩን ቀይሯል» አለኝ። እኔ እንዳልነካት ደግሞ ቆልፈዋት ነው የሄዱት። የቀረኝ አቶ ዘውዴን መለመን ነበር።

«ስክሪኑ ይጥፋ?» አሉኝ። «እንግዳ ሲመጣ ታዲያ ምን ያያል?»

«ገበሬው ዘር ሲወስድ ያያል።»

«ገበሬ ዘር ሲወስድማ ድሮም ነበረ!»

ይህን መልስ ስንት ጊዜ ብታሰላስሉት መሠረቱን አታገኙትም። ወጣሁ።

ሽግግራችንን ሊጎበኙ እንግዶች የመጡ ዕለት ዝናቡ ብሶ፣ ሰልፉም ረዝሞ ነበር። አዴ ጫልቱ ተራቸው ደርሶ መስኮቱ ላይ ቆመዋል። ስክሪኑ በርቷል። ክቧ መሽከርከር ጀመረች። ሪስታርት አደረግኩ፤ ከድር የሴትዮዋን ስም ጽፎ ሳይጨርስ ደግሞ ቆመ። ከድር በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። አዴ ጫልቱም አዩኝ።

አቶ ዘውዴ ቢሮ ገባሁ። እንግዶቹ የታሸገ ውኃ ይዘው ስክሪኑን ያያሉ፤ እሳቸው ስለ ሽግግሩ ይናገራሉ። ይቅርታ አልኩና በእንግዶቹ መሐል አልፌ፣ ጎንበስ ብዬ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀልኩት። ስክሪኑ ጠቆረ።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አለ አንዱ እንግዳ።

«አዎ» አልኩ።

ሁሉም ቀና ብለው ጣሪያው ላይ የበራውን አምፖል አዩ። እኔም ሰርቨሩን አስነሥቼ መስኮቱ ጋ ስደርስ፣ ከድር የአዴ ጫልቱን ስም አስገብቶ፣ ከኋላቸው ያለውን ሽማግሌ ስም እየጠየቀ ነበር። እስከ ማምሻው ድረስ ሰልፉ አልቆመም።

እንግዶቹ እንደሄዱ ተጠራሁ።

«አዋረድሽኝ!» አሉ አቶ ዘውዴ፣ ጠረጴዛውን መትተው። «በሰው ፊት አዋረድሽኝ!»

እኔም የታመቀ ነበረብኝ። «ሴትዮዋ ማሳቸው ታርሶ፣ ዝናብ እየመታቸው ደጃችን ላይ ሲቆሙ እርስዎ አልተዋረዱም ነበር?» አልኳቸው። «አየሩን ማወቅ ከፈለጉ መስኮቱ ያው!»

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ዛሬ እንጀራዬ አለቀ ብዬ ቆምኩ። ሰውዬው መስኮቱን አዩ፤ ረጅም ጊዜ አዩት። የተጸጸቱ መስሎኝ ነበር።

«ሰኞ ደግሞ ሌሎች እንግዶች አሉ» አሉኝ ቀዝቀዝ ብለው። «ምን ይሻላል?»

ምን እንደሚሻል ገባኝ። ስክሪኑ ሠንጠረዡን ሞልቶ የሚያሳይበትን ፎቶ አነሣሁ፤ ባዶዋ ጥግ ላይ በራሴ እጅ ደማቅ ፀሐይ ሣልኩባት፤ ያንን ፎቶ ግድግዳው ላይ ከፈትኩት። ፎቶ ሰርቨሩን ምንም አይጠይቅም። ራሱን አያድስም። ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ክቧን አይተናት አናውቅም። አቶ ዘውዴ በደስታ ፈነደቁ፤ ለእንግዶቻቸው «ሲስተማችን ከመቼውም በላይ ተረጋግቷል» ይላሉ፤ ሐሰት አልተናገሩም። ከሌላ ወረዳ ለልምድ ልውውጥ የመጡ ሰዎች ፎቶውን ፎቶ አንሥተው ሄደዋል። እኔ ምን አገባኝ? ዘሩ ወጥቷል።

አዴ ጫልቱ በምዝገባቸው ተራ ዘራቸውን ሊረከቡ የመጡ ዕለት ለማስፈረም ወደ አቶ ዘውዴ ቢሮ ይዣቸው ገባሁ። ዝናቡ ጣሪያውን እየቀጠቀጠው ስለነበር በጩኸት ነበር የምንነጋገረው። ፈርመው ሲጨርሱ ግድግዳውን ቀና ብለው አዩት።

«ይኼ የፀሐይ አገር የት ነው?» አሉኝ።

«እዚሁ ነው፣ አዴ። አሰላ።»

ስክሪኑን አዩ፤ መስኮቱን አዩ። ላስቲካቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ደረቡት።

«ደግ ነው፣ ተመስገን» አሉ፤ ከዚያ በአገጫቸው ወደ መስኮቱ አመለከቱ። «እኔ የምዘራው ግን በዚህኛው ነው።»