ሰላምታ የማያልቅበት አዳኝ

ሰላምታ የማያልቅበት ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አብሬው ነው ያደግሁት። ታላቅ ወንድሜ ደምሴ በቦርደዴ ሜዳ የአዳኞች መንገድ መሪ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ አብሬው ወጣሁ። የእንግዳችን የአደን ፈቃድ የሚያበቃው በዚያው ቀን ነው፤ ሳላ ካልጣለ ባዶ እጁን ይመለሳል። ረፋድ ላይ ቀንዱ እንደ ጦር የቀና ሳላ አገኘን። በደረታችን ተሳብን። እንግዳው አነጣጠረ። ይኼኔ ግመል አርቢው ኦቦ ጣሂር ከግራር ሥር ብቅ አሉ።

ደምሴ ብድግ አለ። «አካም ጅርቱ ኦቦ ጣሂር? ልጆች ደኅና? ያቺ የምታነክሰው ግመልስ?»

ሳላ ጨዋ እንስሳ ነው። እስከ ልጆቹ ድረስ ቆሞ ሰማ፤ ግመሏ ላይ ሲደርስ ሮጠ።

«ፈያዳ» አሉ ኦቦ ጣሂር። «በደረታችሁ ተኝታችሁ ምን ጠፋባችሁ?»

እንግዳው ጠመንጃውን አወረደ። «ዝም ብትል ምን ነበረበት?»

«ሽማግሌ እያየኝ? ሳላው እንደሆነ አይቀየመኝም።»

እስኪመሽ አራት ሳላ አየን፤ አራት ሰውም ሰላም አልን።

ማምሻውን ደምሴ እንግዳውን ሸኝቶ ወደ ጭሮ ሲመለስ የተሳፈረበት መኪና ተገለበጠ። አልተረፈም።

በማግሥቱ ጠዋት ኦቦ ጣሂር ለቅሶ ቤታችን ደረሱ። ተነሥቼ እጃቸውን ያዝኩ።

«ልጆች ደኅና?» አልኳቸው። «ያቺ የምታነክሰው ግመልስ?»