ያለ ዕቅድ የሚራመዱት ሰው

አገር የሚለማው በስብሰባ መሆኑን ለሚጠራጠሩ ሁሉ የጽሕፈት ቤታችንን ገድል በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ፤ ከተባለው ውጭ አልጽፍም። የተባለው ራሱ ይበቃል።

ከኮተቤ ወደ ካራ በኮንክሪት ምሰሶ ላይ የተዘረጋ የባቡር መስመር አለን። ባቡሩ ጥቂት ወራት ተመላልሶ ቀረ፤ ሐዲዱም ሣር በቀለበት። ለዓመታት ከጋሽ ሸረፈዲን በቀር ያስታወሰው የለም። ጋሽ ሸረፈዲን ሾላ ገበያ ቅመም ሲሸጡ አርጅተው ሱቁን ለልጃቸው የለቀቁ ሰው ናቸው። ስኳር አለባቸው። ሐኪም “በየቀኑ አንድ ሰዓት ካልተራመዱ እግርዎን ያጣሉ” ስላላቸው፣ ከሱብሂ ሰላት በኋላ ወደ ሐዲዱ የሚያደርሰውን መወጣጫ ወጥተው፣ መኪና በማይደርስበት፣ የእንጦጦን ባሕር ዛፍ እያዩ ይራመዱ ነበር። ያለ ፈቃድ ማለቴ ነው።

ጽሕፈት ቤታችን ይህን መስመር የእግረኛ መናፈሻ ለማድረግ ወሰነ። አሥራ አንድ ኃላፊዎች ለልምድ ልውውጥ ባሕር ማዶ ተሻግረው እንዲህ ያለ መናፈሻ ጎበኙ። ዝናብ ስለነበር ከአውቶቡስ አልወረዱም፤ ቢሆንም በመስኮት ብዙ ልምድ ገባ።

ሲመለሱ የመሠረት ድንጋይ ጉዳይ ተነሣ። መናፈሻው አየር ላይ ነው፤ መሬት ያልነካ የመሠረት ድንጋይ ደግሞ ወግ አይደለም። ሦስት ጊዜ ተሰበሰብንበት። በመጨረሻ ድንጋዩ በብቸኛው መወጣጫ አፍ ላይ በጭብጨባና በእልልታ ተተከለ። ክቡር እንግዳ በእጃቸው ያኖሩትን ድንጋይ ማንቀሳቀስ ነውር ስለሆነ ዙሪያው በቆርቆሮ ታጠረ። ቆርቆሮው ላይ እየሣቁ የሚራመዱ ሰዎች ተሣሉበት።

በማግስቱ ጋሽ ሸረፈዲን መንገዱ ተዘግቶ ሲያገኙት የፕሮጀክቱን አስተባባሪ ወንደሰንን ጠየቁት።

“ልጄ፣ እዚህ ምን ልትሠሩ ነው?”

“ሕዝቡ እንዲራመድበት ነው፣ ጋሼ።”

“እኔስ ምን ሳደርግበት ነበር?”

“እርስዎማ ያለ ዕቅድ ነው የሚራመዱት።”

“ኧረ እግሬን ላጣ ነው፣ ልጄ!”

“ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ጋሼ።”

“እንቁላሉን ተወውና እኔን አስኪደኝ!”

እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በሉት። አንጀት ግን በቃለ ጉባኤ አይያዝም።

ወንደሰን ጨካኝ ሰው አይደለም። ልዩ የመራመድ ፈቃድ መጠየቅ እንደሚችሉ ነገራቸው። የድጋፍ ደብዳቤው ካራ ነው፤ ማኅተሙ የካ አባዶ ነው፤ ማኅተም ያዡ ስብሰባ ነው። የታክሲው ሰልፍ አላልቅ ሲላቸው ጋሽ ሸረፈዲን በእግራቸው ተያያዙት። ካራ “ነገ ይመለሱ” ይሏቸዋል። ነገ ሲመለሱ ቅጹ ተቀይሯል። የካ አባዶ ደግሞ ቢሮው አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍቱ አይሠራም። አራት ወር ሙሉ እንዲህ ሆኑ፤ ሁለት ጥንድ ጫማም ጨረሱ።

ማመልከቻቸው ተሟልቶ የጽሕፈት ቤታችን ኮሚቴ ፊት ሲቀርቡ ወንደሰን በትሕትና ጠየቃቸው።

“እግርዎ እንዴት ነው፣ ጋሼ?”

“አልሐምዱሊላህ! ሐኪሙ ስኳሩም ወርዷል፣ እግርዎም ደኅና ነው አለኝ። የእናንተን ደብዳቤ ፍለጋ የተንከራተትኩትን ያህል እዚያ ላይ በዓመትም አልራመድም።”

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። መናፈሻችን ሳይከፈት ግቡን መታ! ውሳኔውም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ እኔው በእጄ ጻፍኩት፦

“አመልካቹ በቂ የእግር ጉዞ በማድረግ ላይ መሆናቸው በራሳቸው አንደበት ስለተረጋገጠ ፈቃድ አያስፈልጋቸውም። መናፈሻውም ለነዋሪው አገልግሎት መስጠት ስለጀመረ፣ መወጣጫውን መክፈት አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። በውሳኔው ቅር ከተሰኙ ይግባኝ ማለት ይችላሉ፤ የይግባኝ ሰሚው ቢሮ እንጦጦ አናት ላይ ይገኛል።”